የፀጉር ሳሙናዬ ከድሬ ውሃ ጋር አልስማማ አለ

ሰላም ድሬዎች፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቤት ውስጥ የፀጉር ሳሙና እሠራለሁ። ዘይቱ 500 ግራም ነው፦ 250 ኮኮናት፣ 175 ሰሊጥ፣ 75 ጉሎ። ኮስቲክ ሶዳው 75 ግራም። ወደ 5 በመቶ የሚሆነው ዘይት ሳሙና ሳይሆን ይቀራል ማለት ነው። ከቀፊራ ገበያ የገዛሁትን ቀሲልም (ፀጉር የሚታጠቡበትን የቅጠል ዱቄት) ነፍቼ እጨምርበታለሁ። አረንጓዴነቱ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ እሱስ ግድ የለም።

አረፋው አንጀት ያርሳል። ችግሩ ከታጠብኩ በኋላ ነው። ፀጉሬ ሲደርቅ ሰም የተቀባ ይመስላል። ማበጠሪያው ጥርስ ላይ ነጭ ነገር ይጠራቀማል፣ የራስ ቆዳዬንም ያሳክከኛል። የድሬን ውሃ ታውቁታላችሁ፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ኖራ የሚያስቀር ነው። ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር እየተጣበቀ መሆኑ ገብቶኛል፤ በዝናብ ውሃ ስታጠብማ ምንም የለም። ግን የዝናብ ውሃ በድሬ ከየት ይመጣል?

ካልሲየሙን እንዲይዝልኝ ሳሙናው ላይ ሲትሪክ አሲድ ልጨምርበት አሰብኩ። 10 ግራሙ 6 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ስለሚበላ ያንን ማካካስ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ለዚህ ልክ ስንት ግራም ይበቃል? ወይስ በአቼቶ ውሃ መለቅለቁ ይሻላል? የሞከራችሁ መጠኑን ንገሩኝ። “ቀሲሉን ብቻውን ተጠቀሚ” የምትሉኝ ደግሞ፣ እሱንማ እናቴም ነግራኛለች።