ማስመር በዛ፣ የሚታወስ ጠፋ፤ እናንተ እንዴት ነው የምታነቡት?

ገጽ_አጣፊ
ሰላም የንባብ ወዳጆች። በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት መጽሐፍ ጀምሮ የሚያነብ ሰው ያነበበውን እንዴት ነው የሚይዘው? እያነበቡ ማስመር ሲለመድ ገጹ ሁሉ መስመር በመስመር ይሆንና ቁም ነገሩ የቱ እንደነበር ይጠፋል። ደብተር አጠገብ አድርጎ መጻፍ ደግሞ ንባቡን ይቆራርጠዋል። በዚያው ላይ፣ አልጥም ያለ መጽሐፍን እስከ ስንት ገጽ ነው የምትታገሡት?

እርሳስና_ላጲስ
የሚሰመርበት ሰዓት ነው የተሳሳተው። አንቀጹ ገና ሲነበብ ሁሉም ነገር ትልቅ ይመስላል። በመጀመሪያው ንባብ ደስ ያለህ መስመር ትይዩ ህዳጉ ላይ ትንሽ ነጥብ ብቻ ጣል አድርግ። ምዕራፉ ሲያልቅ ወደ ነጥቦቹ ተመለስና አሁንም ክብደት ያለውን ብቻ አስምር። አብዛኛው ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ይቅር። ከዚያ መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ የራስህን ማውጫ ሥራ፤ የገጽ ቁጥርና አራት አምስት ቃል ይበቃል፦

47 – አባትየው የዋሸበት
112 – ከ47 ጋር ይጋጫል
130 – የመሬት ክርክሩ መነሻ

እንደ ሁለተኛዋ ያሉት ናቸው ዋጋ ያላቸው፤ ሁለት ገጽ የሚያገናኝ ማስታወሻ ደራሲው ያልነገረህን ይነግርሃል።

እርሳሱ ለስላሳው 2ቢ ይሁን፣ ሳትጫን። ጠንካራው ኤች ወረቀቱን ይቦረቡረዋል፤ ላጲስ ደግሞ ቀለሙን እንጂ ቡርቡሩን አያጠፋም። እስክሪብቶና ሃይላይተር በስስ ወረቀት ወደ ጀርባ ያልፋሉ። የተውሶ መጽሐፍ ከሆነ ማውጫው ዕልባቱ ላይ ይጻፍ።

ሦስት_ዕልባት
ከላይ የተባለው ለመፈለግ ጥሩ ነው፤ ለማስታወስ ግን አይበቃም። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ወይ ደግመው አነበቡት፣ ወይ ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የጻፉት በለጡ። ደግሞ ማንበብ የሚያታልለውም ለዚህ ነው፤ ዓይን የለመደውን ሁሉ ያወቅነው ይመስለናል።

ስለዚህ ምዕራፍ ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግተህ አምስት መስመር ጻፍ። መስረቅ የለም! ከዚያ ከፍተህ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙላ፤ ከሳምንት በኋላም ሳታይ ሞክረው። ይሄ ለታሪክ፣ ለሳይንስ፣ ለፍልስፍና ነው። ልብ ወለድን እንዲህ ማድረግ ጣዕሙን መግደል ነው፤ እዚያ የሰዎቹን ስምና ዝምድና አንድ ካርድ ላይ መያዝ ይበቃል።

ብዙ መጽሐፍ አንድ ላይ ስትይዝ ዓይነታቸው ይለያይ፦ አንድ ልብ ወለድ፣ አንድ ታሪክ፣ አንድ ግጥም። ሁለት ልብ ወለድ አብረው ሲነበቡ ገጸ ባሕርያቱ ይደባለቃሉ። ባቆምክ ቁጥር ዕልባቱ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርግ፦ «ደብዳቤው ደርሷል፣ እሷ ገና አልከፈተችውም»። ከአሥር ቀን በኋላ ስትመለስ ሦስት ገጽ ወደኋላ ከመሄድ ያድንሃል።

ጀምሮ_የሚተው
ስለ ትዕግሥቱ፦ ናንሲ ፐርል የተባለችው አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ 50 ገጽ ትላለች፤ ዕድሜው ከ50 ያለፈ ደግሞ ከ100 ላይ ዕድሜውን ይቀንስ። የ70 ዓመት ሰው 30 ገጽ ማለት ነው። ደስ የሚል ሕግ ነው፣ ግን በጭፍን አይሠራም። ባለ 120 ገጽ መጽሐፍ ላይ 50 ገጽ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ሠላሳ ሰው የሚርመሰመስበት ወፍራም ልብ ወለድ ደግሞ በ50 ገጽ ገና ሰላምታውን አልጨረሰም። ትርጉም ከሆነ ከመተውህ በፊት አንድ ገጽ ጮክ ብለህ አንብበው። ምላስህ እየተሰናከለ ከሆነ ጥፋቱ የተርጓሚው ሊሆን ስለሚችል ሌላ ትርጉም ፈልግ።

ገጽ_አጣፊ
እግዜር ይስጥልኝ። ዕልባት ላይ ስለሚጻፍ፣ የጋዜጣ ቁራጭ ችግር አለው?

እርሳስና_ላጲስ
አለው እንጂ። ጋዜጣ የሚሠራው ሊግኒኑ (የእንጨቱን ጭረቶች አጣብቆ የሚይዘው ንጥረ ነገር) ካልወጣለት የተፈጨ እንጨት ነው፤ ሲያረጅ አሲድ ይፈጥርና ሁለቱንም ገጽ በራሱ ቅርጽ ልክ ቡናማ ያደርጋቸዋል። የብረት ወረቀት ማያያዣ ይዝጋል፣ ተለጣፊ ወረቀት ሙጫውን ትቶ ይሄዳል፤ ጥግ ማጠፍም (ስምህን አይቻለሁ) ያረጀ ወረቀትን እጥፉ ላይ ይሰብረዋል። አሲድ የሌለው ወፍራም ወረቀት 4 በ15 ሴንቲ ሜትር ቁረጥ፤ በሁለት ፊቱ የአንድ መጽሐፍ ሙሉ ማስታወሻ ይይዛል።