አስቸኳይ፦ ምድጃ ሠሪው 140,000 ብር ካልጨመርሽ ለሌላ እሸጠዋለሁ አለኝ

ዳቦ ቤት አዳማ (ጠያቂ)፦
ሕግ የምታውቁ ወይም እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። አዲስ አበባ ላለ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት የኤሌክትሪክ ዳቦ መጋገሪያ ምድጃ በ480,000 ብር አዝዤ 300,000 ብሩን ከፍያለሁ። ባለቤቱ ዛሬ ጠዋት ደውሎ የላሜራና የሞተር ዋጋ ስለ ጨመረ እስከ ነገ ማታ ተጨማሪ 140,000 ብር ካላስገባሁ ምድጃውን ለሌላ ደንበኛ እንደሚሸጠው ነገረኝ። ቤት ተከራይቼና ሁለት ጋጋሪዎች ቀጥሬ እየጠበቅሁ ነው። ውላችን በሰነዶች ማረጋገጫ ስላልተመዘገበ ዋጋ የለውም ብለውኛል፤ ታዲያ ለፖሊስ አመልክቼ በአታላይነት ላስይዘው እችላለሁ?

የመርካቶ ነጋዴ፦
እኅቴ፣ አትጨነቂ። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውል ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፤ ስለዚህ 600,000 ብርሽን ተቀብለሽ ሌላ ምድጃ ማሠራት ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ፦
ወደ ምክር ከመሄዳችን በፊት ያልነገሩን ብዙ ነገር አለ። ውሉ በጽሑፍ ነው? የማስረከቢያው ቀን ተጽፏል? ስለ ዋጋ ለውጥ ምን ይላል? ገንዘቡን የከፈሉት በእጅ ነው ወይስ በባንክ?

ዳቦ ቤት አዳማ፦
ይቅርታ፣ ስለ ቸኮልሁ ነው። ውሉ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ሲሆን ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁለት ምስክሮች ባሉበት ተፈራርመናል። ምድጃውን እስከ መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ሠርቶ ያስረክባል ይላል፤ ዛሬ ጥቅምት 12 ነው። ስለ ዋጋ ጭማሪ የሚለው ነገር የለም። መጨረሻው ላይ «ውሉን ያፈረሰ ወገን ውሉን ላከበረው ወገን ብር 50,000 ይከፍላል፤ ውሉም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት የጸና ነው» የሚል አለበት። ገንዘቡን ያስገባሁት በባንክ ነው፤ ደረሰኙ ላይም «ለምድጃ ቅድሚያ ክፍያ» አስጽፌያለሁ።

ጡረተኛው የሕግ መምህር፦
በአገራችን የውል ወረቀት ሁሉ ግርጌ ላይ «1731» የሚለው ቁጥር እንደ ማኅተም ይቀመጣል፤ ምን እንደሚል የሚያነብበው ግን ጥቂት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያዘጋጁት፣ በዚህ አንቀጽ በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ሆኖ እንደሚያስገድዳቸው ይደነግጋል። ይህን ቁጥር ባትጽፉትም ሕጉ ይሠራል፤ ብትጽፉት ደግሞ ያልተጻፈ ቀን፣ ያልተጻፈ ዋጋና ያልተጻፈ የጥራት ደረጃ አይፈጥርላችሁም። አዋዋዮች ይህን መዝጊያ ከአሮጌ ወረቀት እየገለበጡ፣ ሊጻፍ የሚገባውን ዋናውን ነገር ሲተዉት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አይቻለሁ፤ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ስለ ምዝገባው የነገሩዎት ስሕተት ነው። በአንቀጽ 1719 መሠረት ሕግ ካላዘዘ በስተቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብን የሚያዘው አንቀጽ 1723 ስለማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። ምድጃ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ስለሆነ ወረቀትዎ ሙሉ ዋጋ አለው።

ብየዳ ሠሪው፦
እኔ ራሴ በሠሪው ወገን ያለሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ አታላይ ተብሎ ወደ ፖሊስ መጎተቱን አልቀበለውም። ውሉ ሐምሌ 5 ተፈረመ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ምድጃው ላሜራ፣ ስቴንለስ፣ ሬዚስታንስ (ማሞቂያ ሽቦ) እና ሞተር ይፈልጋል፤ ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነው። እኔም በዚያ ሰሞን የእንጀራ ምጣድ ትእዛዝ በአሮጌው ዋጋ ተቀብዬ ከኪሴ ጨምሬ አስረክቤያለሁ። ከዚያ ወዲህ በፕሮፎርማዬ (በዋጋ ማቅረቢያዬ) ላይ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ7 ቀን ብቻ ነው» እላለሁ፤ በውሉም ላይ ደንበኛው ቅድሚያ ክፍያውን በከፈለ በሦስት ቀን ውስጥ ዕቃውን ገዝቼ ደረሰኙን እንደማሳየው፣ ዕቃው ከተገዛ በኋላ ዋጋው እንደማይለወጥ እጽፋለሁ። ሠሪው 300,000 ብሩን በተቀበለ ማግሥት ላሜራውን ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ጭቅጭቅ አይመጣም ነበር።

አንድ ጠበቃ፦
የብየዳ ሠሪው ሐዘኔታ ይገባኛል፤ ሕጉ ግን በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። በአንቀጽ 1794 መሠረት፣ በውሉ ካልተስማሙበት በቀር፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመሩ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል፣ ማለትም ውሉን ባለመፈጸም ከኃላፊነት ነጻ የሚያወጣ ምክንያት፣ ተብሎ አይቆጠርም። ጭማሪውን መጠየቅ ይችላል፤ እርስዎን ግን ሊያስገድድዎ አይችልም።

ወደ ፖሊስ መሄዱን አልመክርም። ግዴታን አለመፈጸም ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ አታላይነት የሚባለው ገና ከመነሻው በሐሰት ነገር አሳምኖ ገንዘብ የወሰደ እንደሆነ ነው። እዚህ ሠሪው ምድጃውን ሠርቶ ይዞታል፤ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው።

ዛሬውኑ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያዘጋጁ። አንቀጽ 1772 አንድ ወገን ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመከራከሩ በፊት ሌላውን እንዲያስጠነቅቅ ያዛል። ደብዳቤው የውሉን ቀን፣ የተከፈለውን ገንዘብና የማስረከቢያውን ጊዜ ጠቅሶ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ምድጃውን እንዲያስረክብ፣ እርስዎም ቀሪውን 180,000 ብር በርክክቡ ላይ ለመክፈል ዝግጁ መሆንዎን ይግለጽ። ይህችን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አይተዉአት፤ የራስዎን ግዴታ ለመፈጸም ዝግጁ መሆንዎ ካልታወቀ ክርክሩን በእርስዎ ላይ ይገለብጠዋል። ደብዳቤውን በሁለት ምስክር ፊት ያስፈርሙት፤ አልፈርም ካለ በሪኮማንዴ (በፖስታ ቤት የአደራ ደብዳቤ) ይላኩት። በስልክ የነገረዎትንም «ካልጨመርሁ አላስረክብም ያሉኝን በጽሑፍ ያረጋግጡልኝ» ብለው መልእክት ይላኩለት፤ በጽሑፍ እንቢ ካለ በአንቀጽ 1775 መሠረት ማስጠንቀቂያ መስጠት ራሱ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሽያጩ ነው። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ባለቤትነት የሚተላለፈው ገዢው ሲረከበው ስለሆነ፣ ምድጃው ለሌላ ከተሰጠ በኋላ ምድጃውን ራሱን ማግኘት እጅግ ከባድ ይሆናል። ስለዚህ ክስ ሲያቀርቡ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት ምድጃው እንዳይሸጥ እግድ ይጠይቁ።

የመርካቶ ነጋዴ፦
አሁንም እላለሁ፤ እጥፉን ይመልሳል። እኔ በዚሁ መንገድ ገንዘቤን አስመልሻለሁ።

አንድ ጠበቃ፦
ወንድሜ፣ የእርስዎ ምናልባት በእርግጥ ቀብድ ነበር። አንቀጽ 1885 ቀብድ የተቀበለ ሰው እጥፉን መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላል ይላል። የእኅታችን ደረሰኝ ግን «ቅድሚያ ክፍያ» ይላል፤ መጠኑም ከዋጋው ከግማሽ በላይ ስለሆነ ፍርድ ቤት የዋጋው ከፊል ክፍያ ነው ቢል አይገርመኝም። በዚያ ላይ እጥፍ መመለስ ለሠሪውም መውጫ በር ነው፤ እርሳቸው የሚፈልጉት ደግሞ ምድጃውን ነው። በአንድ ቃል ልዩነት ብቻ የሚጠየቀው ነገር ሁሉ ይለወጣል።

የ50,000 ብሩም አንቀጽ እንዲሁ በቸልታ የተጻፈ ነው። በአንቀጽ 1890 መሠረት መቀጫው ለመዘግየት የተወሰነ ካልሆነ በቀር፣ ውሉ እንዲፈጸምና መቀጫው እንዲከፈል ሁለቱንም በአንድነት መጠየቅ አይቻልም። «ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን ይህን ያህል ብር ይከፍላል» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ምድጃውንም መቀጫውንም መጠየቅ ይችሉ ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛ፦
ስለ ኪሳራው አንድ ነገር ልጨምር። የቤት ኪራዩንና የጋጋሪዎቹን ደመወዝ ደረሰኝ ከመስከረም 30 ጀምሮ ለይተው ያስቀምጡ። ውሉን ስትፈርሙ ሥራ የሚጀምሩበትን ቀን ነግረውት ከነበረና ምስክር ካለ፣ ያንንም ይጻፉት፤ ከተለመደው በላይ ለሆነ ኪሳራ መጠየቅ የሚቻለው ባለዕዳው ልዩ ሁኔታውን ሲዋዋል ያውቅ የነበረ እንደሆነ ነው። ጉዳቱን ለመቀነስ ያደረጉትም ይታያል፤ ለምሳሌ በሌላ ዳቦ ቤት ምድጃ በሌሊት ተከራይተው መጋገር ከቻሉ፣ ኪራዩን በደረሰኝ ይያዙት።

አባት ከደብረ ብርሃን፦
ልጄ፣ ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል። ምድጃውን እጅሽ አስገቢ፤ ክርክሩ ይደርሳል። ከጭማሪው ጥቂቱን ሰጥተሽ ምድጃው አዳማ ከገባ በኋላ ብትጠይቂው ምን ይጎዳል?

አንድ ጠበቃ፦
የአባታችን ምክር ሊሠራ ይችላል፤ አደገኛ የሚሆነው በሠሪው የተዘጋጀ አዲስ ወረቀት ሲፈርሙ ነው። በ620,000 ብር ተስማምቻለሁ የሚል ወረቀት ከፈረሙ የቀድሞውን ዋጋ በገዛ እጅዎ ሻሩት ማለት ነው። የግድ መክፈል ካለብዎ በባንክ ያድርጉት፤ ምክንያቱ ላይም «መብቴን ጠብቄ የከፈልሁት» ብለው ያስጽፉ፤ አዲስ ውል ግን አይፈርሙ።

ብየዳ ሠሪው፦
ሠሪውንም ማነጋገር ይቻላል። የጥሬ ዕቃውን የግዢ ደረሰኝ አሳየኝ በይው፤ ከሐምሌ 22 በፊት የገዛው ካለ ጭማሪው በእርሱ ላይ አይሠራም፤ ከዚያ በኋላ የገዛውን ልዩነት እኩል እንካፈል ብትይው፣ የእጅ ባለሙያ የሆነ ሰው ክስ ከሚመጣበት ይህን ይመርጣል። የምትስማሙበትን ግን በጽሑፍ፣ ከነማስረከቢያው ቀንና ከነየቀኑ መቀጫ፣ አድርጊው።

ዳቦ ቤት አዳማ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን ጽፌ ባለቤቴ ከሁለት ምስክሮች ጋር ወደ አዲስ አበባ እየሄደ ነው። ለመልእክቴ ሠሪው እስካሁን አልመለሰም፤ አንብቦታል። እግዱን ለመጠየቅ ጠበቃ እያፈላለግን ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ፦
ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ምድጃው ደረሰ? ለሐዋሳ ሆቴል ያሠራሁት የእንጨት ዕቃም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ የእርስዎን ውጤት እየጠበቅሁ ነው።