ለቤት ውስጥ ጂም የትኛውን ከርል ባር (መያዣው የታጠፈ የክብደት ማንሻ ብረት) ልግዛ?

በኮንዶሚኒየም ቤቴ ትንሿ ክፍል ውስጥ ብረት መሥራት ከጀመርኩ 8 ወር ሆኖኛል። ያለኝ 150 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ባር፣ በጠቅላላው 40 ኪሎ የሚመዝኑ ቀዳዳቸው 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ፕሌቶች (ባሩ ጫፍ ላይ የሚገቡ ክብ ክብደቶች) እና ጥንድ ባለ 7 ኪሎ ዳምቤል ነው። በቀጥታው ባር ከርል (ክንድን ከክርን እያጠፉ ክብደት ማንሳት) ስሠራ ከ20 ኪሎ ካለፍኩ በትንሿ ጣቴ በኩል ያለው የእጅ አንጓዬ ጎን እንደ መርፌ ይወጋኛል፤ በማግስቱ ጀበና ሳነሳ እንኳ ሕመሙ ይሰማኛል። አያያዜን አጥብቤም አስፍቼም ሞክሬያለሁ፤ ለውጥ የለውም። መዳፎቼን እርስ በርስ ፊት ለፊት አድርጌ በዳምቤል ስሠራ ግን ምንም ስለማይሰማኝ፣ ጥፋቱ ቀጥታው ባር መዳፍን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ እንዲዞር ማስገደዱ ይመስለኛል።

ጎረቤቴ ከነፕሌቱ ባዋሰኝ፣ ጫፉ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ከርል ባር 25 ኪሎ ድረስ ያለ ሕመም ሠርቻለሁ፤ እጥፋቱ ጠለቅ ያለ ነው፣ ጫፎቹም በራሳቸው ይዞራሉ። እንዲህ ያለውን ብገዛ ግን የእኔ ፕሌቶች ስለማይገቡበት ሁሉንም እንደ አዲስ መግዛት ሊኖርብኝ ነው። ለፕሌቶቼ የሚስማማውን ባለ 25 ሚሊ ሜትር ከርል ባር ገበያ ላይ አግኝቼ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፤ ዋጋው ለኪሴ ቢስማማም እጥፋቱ እጅግ ትንሽ በመሆኑ አያያዙ ከቀጥታው ባር ብዙም አልተለየብኝም።

በሁለቱም የሠራችሁ ካላችሁ፣ ከ40 ኪሎ በላይ የማንሳት ሐሳብ ለሌለው ሰው ትንሽ እጥፋት ያለው ባር አንጓን ከሕመም ያድናል ወይስ ፕሌቶቼን ሸጬ ወደ 50 ሚሊ ሜትሩ ልሻገር?