ጥቆማ፦ ሊኑክስ ላይ ኢንተርኔት ለማስገባት ዶንግል ይሻላል፣ ስልክ ወይስ ማይፋይ?

ሰላም ጓዶች፣ ሰሞኑን ሦስት ሰው በየተራ "ሊኑክስ ጫንኩ ግን ኢንተርኔት እምቢ አለኝ፣ ምን ልግዛ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ለእያንዳንዱ ከምጽፍ እዚሁ ልዘርግፈው ብዬ ነው። ለማያውቅ፣ ሊኑክስ በዊንዶው ምትክ የሚጫን ሲስተም ነው፣ ዶንግል ሲም ገብቶበት ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ነው፣ ማይፋይ ደግሞ ሲምና ባትሪ ያለው ዋይፋይ የሚረጭ ትንሽ ዕቃ ነው። ዊንዶው 10 ጥቅምት 4፣ 2018 ድጋፉ ካበቃ ወዲህ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ ሚንትና ኡቡንቱ (የሊኑክስ አይነቶች ናቸው) እያለ ነው እና ጥያቄው ገና ይበዛል መሰለኝ።

የኔ ጣጣ የጀመረው ደብረ ብርሃን ነው፣ አጎቴ ጋ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ዴል ላፕቶፑ 4 ጊጋ ራም ናት፣ ሚንት ጫንኩለትና በጣም ፈጠነች፣ ደስ ብሎን ቡና እየተጠጣ ዋይፋይ ልከፍት ስል ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። ምልክቱም የለም። "አንተ ልጅ፣ ኢንተርኔቴን የት አደረስከው?" አለኝ። "ጋሼ አንዴ ታገሡኝ" እያልኩ ላብ በላብ ሆንኩ። የዋይፋይ ካርዱ ብሮድኮም የሚባል ኩባንያ ስሪት ነው፣ ብሮድኮም ደግሞ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሰራውን ሶፍትዌር) ከኢንተርኔት አውርድ ይላል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት አምጣ ማለት እኮ ነው።

እንደዚህ ከገጠማችሁ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ ሚንቱን የጫናችሁበትን ፍላሽ መልሳችሁ ሰኩና ድራይቨር ማናጀርን ክፈቱ፣ የብሮድኮሙ ድራይቨር እዛው ፍላሽ ውስጥ አለ፣ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። ሁለተኛ አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀር ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰክታችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሩ፣ በቃ፣ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፣ ድራይቨር ምናምን የለም። አይፎንም ይሰራል ግን "ትረስት" የሚለውን መንካት አትርሱ። እኔ ግማሽ ሰዓት ያቃጠልኩት ገመዱ ላይ ነው፣ ከመንገድ ዳር የገዛኋት ገመድ ቻርጅ ብቻ ነው የምታደርገው፣ ዳታ የሚያሳልፈው ሽቦ ውስጧ የለም። ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ቴተሪንግ የሚለው ምርጫ ደብዝዞ አልነካ ካላችሁ ስልኩን አትስደቡ፣ ገመድ ቀይሩ።

ስለዚህ ለብዙዎቻችሁ መልሴ ስልክ ነው፣ ምንም አትግዙ።

አጎቴ ግን ባለቁልፍ ስልክ ነው ያለው፣ ስማርት ስልክ በህይወቱ አይፈልግም፣ እሱን ዶንግል ነው የሚያዋጣው። ዶንግል ላይ ሁለት አይነት እንዳለ እወቁ። አንደኛው ሃይሊንክ የሚባለው ነው፣ ሁዋዌ ኢ3372ኤች አይነቱ፣ ስትሰኩት ራሱ ትንሽ ራውተር ስለሆነ ላፕቶፑ በኬብል የተገናኘ ይመስለዋል፣ ብራውዘር ላይ 192.168.8.1 ብላችሁ ትገቡና ሁሉንም እዛው ታስተካክላላችሁ። አዲስ የምትገዙ ከሆነ እሱን ግዙ፣ ከሱ ሌላ አልመክርም። ስትገዙ ግን የመጨረሻዋን ፊደል እዩ፣ ኢ3372ኤስ የሚባል ወንድም አለው፣ እሱ እንደ ድሮው ደውሎ የሚገናኝ ነው።

ደውሎ ስል እየቀለድኩ አይደለም። የቆዩት 3ጂ ዶንግሎች ልክ እንደ ድሮ ዳያልአፕ (በቤት ስልክ መስመር እየደወለ ይገናኝ እንደነበረው ኢንተርኔት) *99# ብለው ይደውላሉ፣ ድምጹ ስለማይሰማ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው። አጎቴ መሳቢያ ውስጥ ሁዋዌ ኢ173 ተገኘችና ያንን ነው ያስነሳሁት። መጀመሪያ ስትሰካ ሞደም አይደለችም፣ ሲዲ ናት፣ የዊንዶው ፕሮግራም የያዘች ሲዲ ሆና ትመጣለች። የተሰኩትን ዕቃዎች ስትዘረዝሩ 12ዲ1 ከዛ 1446 የሚል ካያችሁ ገና ሲዲ ላይ ናት ማለት ነው። ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባለው ፕሮግራም ነው ወደ ሞደም የሚገለብጣት፣ ሚንትና ኡቡንቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይመጣል፣ ሰክታችሁ ሰላሳ ሰከንድ ያህል ታገሡ እንጂ ወዲያው ነቅላችሁ መልሳችሁ አትሰኩ። የሲሙን ፒን ቁጥር ደግሞ ስልክ ላይ አስገብታችሁ ቀድማችሁ አጥፉት።

ከዛ ኔትወርክ ማናጀር (የሊኑክሱ የግንኙነት ማስተካከያ) ላይ ሞባይል ብሮድባንድ ብላችሁ ጨምሩ፣ ኤፒኤን ይጠይቃችኋል፣ ሲሙ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት በር ስም ማለት ነው። ለኢትዮ ቴሌኮም ኢቲሲ ነጥብ ኮም ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል (ከእ.ኤ.አ. 2010 በፊት የነበረው የቴሌ ስም ነው፣ እዛች ቦታ ላይ ቀርቷል)። ለሳፋሪኮም ሲሙን አንድ ስልክ ላይ አስገቡና ሴቲንግ ውስጥ የሚያሳየውን ኤፒኤን ቅዱ።

ይሄ እምቢ ካለ ሞደሙን የሚያስደውል ደብሊውቪዲያል የሚባል አለ፣ የድሮ ሰው ፕሮግራም ነው ግን ጨዋ ነው። ሴቲንግ ፋይሉ ላይ ሁለት ነገር ብቻ፦ ዩዘርኔምና ፓስወርዱን ባዶ ብትተዉት አይሰራም፣ ምንም ይሁን የሆነ ነገር ጻፉበት፣ ሌላው "ስቱፒድ ሞድ" የሚል መስመር አለ፣ 1 አድርጉት። ስሙ ስድብ ይመስላል ግን ብዙ 3ጂ ሞደም ያለሱ ይደውልና ተገናኘሁ ብሎ እዛው ይደርቃል። ሞደም ማናጀር (ሊኑክስ ራሱ ሞደሞችን የሚቆጣጠርበት ፕሮግራም) ከበስተጀርባ እየሰራ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ በአንዱ ፖርት ይጣላሉ፣ እሱን አቁሙት። 8.8.8.8ን ፒንግ ሲያደርግ (አለህ ወይ ብሎ ሲጠይቀው) መልስ ካለ ግን ገጽ ካልከፈተ ችግሩ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው) ነው፣ ዶንግሉን አትጣሉት።

ማይፋይስ ላላችሁ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ይቀጥላል፣ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ሰው ካለ ከዶንግል እሱ ይሻላል፣ የላፕቶፑ ዋይፋይ ከሰራ ሊኑክስ ይሁን ዊንዶው ግድ የለውም።

ቴሌ ወይስ ሳፋሪኮም ለሚለው፣ ሳፋሪኮም የገባው እ.ኤ.አ. 2022 ስለሆነ ከከተማ ርቃችሁ የምትኖሩ ከሆነ ቴሌ ሰፋ ያለ ቦታ ይደርሳል፣ ከተማ ውስጥ ግን ማስታወቂያ ሰምታችሁ አትወስኑ። እኔ ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ አንዱ ሲም ሳሎን ላይ እሳት ነው መኝታ ቤት ስገባ ይሞታል፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም ምክንያቱም ጎረቤቴ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። ትንሽ ፓኬጅ ከሁለቱም ግዙ፣ በ*999# እና በ*777#፣ ማታ በምትቀመጡበት ወንበር ላይ ሞክሩ።

አንድ ልጅ ላፕቶፑ ጎን ላይ ያለችውን የቤት ስልክ መሰኪያ መጠቀም እችላለሁ ወይ ብሎ ነበር። ተዋት። አብዛኞቹ ስራውን ለዊንዶው ሶፍትዌር የተዉ ሞደሞች ናቸው፣ ሊኑክስ ላይ የአንዳንዶቹ ነጻ ድራይቨር ፍጥነቱን በ14.4 ኪሎቢት የገደበ ነበር። የአሜሪካው የኢንተርኔት ኩባንያ ኤኦኤል እንኳ ዳያልአፑን እ.ኤ.አ. መስከረም 30፣ 2025 ዘግቷል።

ደግሞ ካርድ ሞልታችሁ ፓኬጅ ገዝታችሁ በተገናኛችሁ በደቂቃው ሚንት አፕዴት አለኝ ብሎ ብዙ መቶ ሜጋ ሊበላባችሁ ይችላል። ግንኙነቱን "ሚተርድ" (ዳታው የሚቆጠርበት) አድርጉት፣ ትልቁን አፕዴት ለለሊት ፓኬጅ አቆዩት። አጎቴ ጋ አፕት ኦፍላይን (አፕዴቱን ሌላ ቦታ ለማውረድ የሚረዳ ፕሮግራም) ነው ያደረግኩት፣ የሚፈለገውን አፕዴት ዝርዝር በፍላሽ ይዤ አዲስ አበባ አውርጄ በሚቀጥለው ስሄድ እወስድለታለሁ።

ያገለገለ ዶንግል መርካቶም መገናኛም ታገኛላችሁ፣ ግን ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሲማችሁንም። ባለሱቁ "ሶፍትዌሩ ውስጡ አለ" ካላችሁ ስለ ሲዲዋ ነው የሚያወራው፣ ለናንተ አትጠቅምም። ለአንድ ኩባንያ ሲም የተቆለፈም ይኖራል። እዛው ሰክታችሁ አንድ ገጽ ሲከፍት ሳታዩ ብር አታውጡ፣ አላሰካም ካለ ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።