ሽልማቱ ለውጤት ነው ወይስ ለችግር? የዓይነ ስውራን ተማሪዎች ድጋፍ ላይ የተነሳ ክርክር

የማርቆስ ልጅ፦ ጎበዝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? በውጭም በአዲስ አበባም ያሉ የወረዳችን ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ዩኒቨርሲቲ ለሚገቡ ዓይነ ስውራን ልጆቻችን በየዓመቱ ድጋፍ ሊሰጡ ነው። ኮሚቴው ያረቀቀው መስፈርት ሦስት ነገር ይላል። በ12ኛ ክፍል ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ብቻ፤ ምንም የማያዩ ብቻ፤ ርክክቡ ደግሞ ሕዝብ በተሰበሰበበት መድረክ ላይ። እኔም ከኮሚቴው አንዱ ነኝ፣ ግን በሦስቱም ልቤ አላረፈም። ገንዘቡ ሳይወጣ እዚህ ይፈተሽ። ሳታፍሩ ተናገሩ።

ዳሞት፦ በመጀመሪያው ኮሚቴው ልክ ነው። በችግር ይሁን ካልን ማን ከማን እንደተቸገረ ለማጣራት ቤት ለቤት ስንዞር ልንከርም ነው፤ በመጨረሻም የሚያገኘው ቀበሌ ውስጥ ሰው ያለው ልጅ ነው። አሜሪካ ያለው የዓይነ ስውራን ብሔራዊ ፌዴሬሽን በየዓመቱ 30 ተማሪዎችን የሚመርጠው በትምህርት ውጤት፣ በመሪነትና ለማኅበረሰቡ በሰጡት አገልግሎት ነው። ከሳን ፍራንሲስኮ የሚሰጠው የሆልማን ሽልማትም፣ ስሙ የዛሬ 200 ዓመት ገደማ ዓለምን ከዞረው እንግሊዛዊ ዓይነ ስውር ተጓዥ ከጄምስ ሆልማን የተወሰደው፣ አመልካቹን «ምን ቸገረህ?» አይለውም። «ምን ልትሠራ አስበሃል?» ነው የሚለው። በጉብዝናው ያገኘ ልጅ አንገቱን አይደፋም።

የዱርቤቴ መምህር፦ ወንድሜ ዳሞት፣ የአሜሪካው ልጅ በጣት የሚነበበውን ጽሑፍ፣ ብሬልን፣ እንዲማር ትምህርት ቤቱን ሕግ ያስገድድለታል። የእኛው ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ አብረውት የጀመሩት ብዙዎቹ መንገድ ላይ ቀርተዋል። እኔ የልዩ ፍላጎት መምህር ነኝ። ስሌትና ስታይለስ፣ ማለትም የብሬል መጻፊያው ሰሌዳና መውጊያው፣ ለሁለት ለሦስት ልጅ አንድ ሆኖ አስተምሬያለሁ። ብሬል የሚጻፈው ወረቀቱን ከጀርባው ከቀኝ ወደ ግራ እየወጉ ነው፤ ያን በጣቱ ያልለመደ ልጅ ከፍ ባለ ክፍል ማስታወሻ መያዝ አይችልም። የታተመ አንድ መማሪያ መጽሐፍ ወደ ብሬል ሲገለበጥ ብዙ ጥራዝ ስለሚሆን፣ መጽሐፉ ቢገኝ እንኳ ተሸክሞት የሚሄድ ልጅ የለም። ስለዚህ የሚያጠናው ጓደኛው ሲያነብለት ነው። ጓደኛው ከብት ጥበቃ ከዋለ በዚያ ቀን ጥናት የለም። በምትሸልሙት ውጤት ውስጥ የልጁ ጭንቅላት አለ፤ አንባቢ ጓደኛ ማግኘት አለማግኘቱም አለ። ገንዘቡ ወደ አንደኛ ደረጃ ይውረድ።

ዳሞት፦ መምህር፣ ያሉት እውነት ነው። ግን አዋጪዎቹ ያሉት «ለዩኒቨርሲቲ» ነው። የሰው ገንዘብ ይዘን ዓላማውን እንቀይር?

ሦስተኛ ወንበር፦ ሁለተኛውን መስፈርት ሁላችሁም ዝም ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ ጭላንጭል ነው የማየው። ትምህርት ቤት እያለሁ መጽሐፉን አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ ሳነብ «ይኸው ታይ የለም እንዴ፣ ምን ታስመስላለህ?» እባል ነበር። ሰሌዳው አይታየኝም፣ ብሬልም «ዓይን አለህ» ተብዬ አልተማርኩም። ሒሳብን «አንተ ዝለለው» ተባልኩና ዘለልኩት፤ ይኸው እስከ ዛሬ እንደዘለልኩት ነኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት በቀድሞ መለኪያው ዓይነ ስውር ይል የነበረው የተሻለው ዓይኑ በመነጽር ታርሞ እንኳ ከ3/60 በታች የሆነውን ሰው ነው። ሌላው በ60 ሜትር የሚለየውን እሱ በ3 ሜትር ካልለየ ማለት ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ 6/18 ያለው ዝቅተኛ እይታ ይባል ነበር። አሜሪካኖቹ በሕግ ዓይነ ስውር ለማለት 6/60 ላይ ነው የሚያሰምሩት፤ ስለዚህ ዳሞት ባነሳቸው ሽልማቶች ትንሽ የሚያይም ይወዳደራል። አገር አቀፉ የ1998 ዓ.ም. ጥናት ዓይነ ስውራንን 1.6 በመቶ ሲያደርግ ዝቅተኛ እይታ ያላቸውን 3.7 በመቶ አድርጓል። የኮሚቴው መስፈርት ውጭ የሚያስቀረው ሰው ከሚያስገባው በእጥፍ ይበልጣል።

አባይ ማዶ፦ እንግዲህ መነጽር ያደረገ ሁሉ ሊሰለፍ ነዋ! ደግሞስ ያ ጥናት ዓይን ከሚያጠፉት ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ነው፣ ትራኮማ ደግሞ 11.5 በመቶ ነው ይላል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ገንዘቡን ለሐኪም ስጡና ልጁ ይይ።

ሦስተኛ ወንበር፦ «በመነጽር ታርሞ እንኳ» ያልኩትን ዘለልከው ወንድሜ። ወረቀቱን ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የዓይን ሐኪም ለክቶ ይጽፈዋል። ሞራው ይነሳ፣ ማን ጠላ። ሞራ ግን በአብዛኛው የሚይዘው ሽማግሌውን ነው። ነርቩ የሞተበት የ10 ዓመት ልጅ መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት መግባት አለበት።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እኔ ደግሞ የተለየ ሽልማት ለምን አስፈለገ ባይ ነኝ። ዋሸራም ሂዱ ጎንጅም ሂዱ፣ ዓይነ ስውሩ ከዓይናማው እኩል ቅኔ ይቆጥራል፣ እኩል ይዘርፋል፣ መምህርም ይሆናል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ እኩል ለምኖ ይበላል። ማንም «ለአንተ ልዩ ጉባኤ» አላለውም። ልዩ ሽልማት ብለን ሕፃኑን ከእኩዮቹ አናውጣው።

ነጭ በትር፦ የቅኔ ቤቱን ምሳሌ እወደዋለሁ፤ ግን የሚከራከረው ከአንተው ጋር ነው። እዚያ ተማሪው ቅኔውን በአእምሮው ይቆጥራል፣ በቃሉ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም በቃል ያርመዋል። ሰሌዳ የለ፣ የፈተና ወረቀት የለ፣ በእርሳስ የሚጠቆር ክብ የለ። ቤቱ ሲሠራ ለጆሮ ተሠራ፤ ስለዚህ ልዩ ድጋፍ አያሻውም። ዘመናዊው ትምህርት ለዓይን የተሠራ ነው፣ ልዩነቱ ከዚያ ይመጣል። እኔ ሕግ ተምሬ የጨረስኩ ዓይነ ስውር ነኝ። ሕጉን የመረጥኩት ወድጄው ነው፤ ከእኔ ጋር ከገቡት ግን ሌላ በር ተዘግቶባቸው የመጡ ነበሩ። ዓይናማው ተማሪ ፎቶ ኮፒ ገዝቶ ማታ ያነባል፣ እኔ ፎቶ ኮፒውን እገዛና አንባቢ እለምናለሁ። ድጋፉ የሚሸፍነው ይህን ልዩነት ነው። ምጽዋትም አይደለም፣ ማዕረግም አይደለም።

ገንዘቡ በጥሬው ከሚሰጥ ላፕቶፕ ይሁን። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ በነፃ ይገኛል፣ ኢስፒክ በሚባለው ድምፅ አማርኛም ያነባል። ድምፁ የሚያምር አይደለም፣ ይለመዳል። ስልጠናውን ግን አብራችሁ ካልሰጣችሁ ላፕቶፑ ለወንድምየው ፊልም ማያ ይሆናል። 😄

እታለም፦ እኔ የምናገረው ስለ መድረኩ ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ አንድ ጊዜ ተሸልሟል። መድረክ መሪው እጁን ይዞ እያዞረው የእናታችንን ድህነት በማይክራፎን ዘረዘረው። ሰው አለቀሰ፣ ገንዘብም ተዋጣ። ወንድሜ ግን ያን ቀን ስለ ውጤቱ አንድም ሰው እንዳልጠየቀው ነው እስከ ዛሬ የሚያነሳው። የጂኦግራፊ ውጤቱ ከክፍሉ አንደኛ ነበር።

ዳሞት፦ እታለም፣ ያ ነውር ነው። ግን መድረኩን ጨርሰን ብናጠፋ ልጁን እቤት የደበቀ አባት ምን አይቶ ያወጣዋል? ሳይንት ተወልዳ በ5 ዓመቷ ማየት ያቆመችው የትነበርሽ ንጉሤ እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ስትቀበል በአደባባይ ነው። መታየቱ ይጠቅማል።

እታለም፦ እሷ የተሸለመችው ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ ነው፣ የተወራላትም ሥራዋ ነው። የወንድሜ መድረክ ላይ ሥራ አልተነሳም። ልጁ ራሱ ይጠየቅ፤ እሺ ካለ ይውጣ፣ ማይክራፎኑም ለእሱ ይሰጠው።

አባይ ማዶ፦ በዚህ እስማማለሁ። በሞራው አልተስማማሁም።

የዱርቤቴ መምህር፦ ጎረቤታችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የሚሠራው የትምህርት ዕድል የቸገራቸውን ጎበዞች ነው የሚፈልገው፣ በተለይም አካል ጉዳተኞችን። ሁለቱንም ባንድ ላይ ማየት ይቻላል ማለት ነው። «ውጤት ወይስ ችግር» ብላችሁ ልጆቹን ለሁለት አትክፈሉ። የማለፊያ ነጥብ ያመጣ ሁሉ ይግባ፣ ከዚያ በኋላ ያለበት ችግር ይታይ።

የማርቆስ ልጅ፦ ሁለተኛው መስፈርት እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ፤ የሐኪም ወረቀት እስከ 6/18 ድረስ ይበቃል። መድረኩ በልጁ ፈቃድ ይሁን። በመጀመሪያው የመምህርን ሐሳብ አቀርባለሁ፣ ዳሞት እንደሚቃወመኝ አውቃለሁ፤ ይምጣና ይቃወም። ወደ አንደኛ ደረጃ ስለመውረዱ ግን ቃል አልገባም፣ አዋጪዎቹ መጠየቅ አለባቸው። መምህር፣ የስሌትና ስታይለሱን የብሬል ወረቀቱንም ዋጋ ጻፉልኝ፣ ቁጥር ይዤ ልሂድ።

ነጭ በትር፦ አንድ ነገር። የማመልከቻ ቅጹን ፎቶ አንስታችሁ እንዳትለጥፉት። ስክሪን ሪደር ፎቶ ላይ ሲደርስ «ምስል» ብሎ ያልፋል። ለዓይነ ስውራን የወጣ ማስታወቂያ ለዓይናማ ጓደኛዬ ደውዬ አስነብቤ አውቃለሁ።

የማርቆስ ልጅ፦ ኧረ እሱስ ተለጥፎም ነበር፣ ትናንት ማታ። አሁን አስነሳለሁ፣ በጽሑፍ ይወጣል።