ጅማ ላይ ቡና ለመሸጥ፦ የግል አካውንት ወይስ ፔጅ?

ጥያቄ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። የታጠበና ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ) ቡና ፌስቡክ ላይ ለማስተዋወቅ የቱ ይሻላል? ፔጅ የለጠፈውን ሰው አያየውም የሚባለውስ ከምን የመጣ ነው?

መልስ 1፦ ፔጅ። የግል አካውንት 5,000 ጓደኛ ላይ ይቆማል። ብቻ አስተዳዳሪው አንድ ሰው አይሁን፤ አካውንቱ ከተጠለፈ ፔጁም አብሮ ይሄዳል። ሁለት አድርጉ፣ ሁለቱም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ያብሩ።

መልስ 2፦ የማይታየው በፖሊሲ ለውጥ ነው። ኩባንያው በ2004 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ለሃርቫርድ ተማሪዎች ብቻ ነበር፤ በ2006 13 ዓመት ለሞላው ሁሉ ተከፈተ። ሰዉና ፔጁ ሲበዛ ሁሉን ማሳየት አልተቻለም። ጥር 2018 እ.ኤ.አ. ላይ የጓደኛና የቤተሰብ ልጥፍ እንዲቀድም ተደረገ፤ የፔጅ ልጥፍ ወደ ኋላ ቀረ። የሚያድነው ሰው አስተያየት ሲሰጥ፣ ሲመላለስ ነው። «ላይክ፣ ሼር አድርጉ» የሚል ልመና ግን ከታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጥፉን ያወርደዋል።

መልስ 3፦ «ዋጋ በኢንቦክስ» የምትሉትንም ተዉት፣ ወሬውን ከልጥፉ ሥር ታሸሹታላችሁ። የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቀይ እሸት ከቅርብ አንሱ፣ የኪሎውን ዋጋ ጻፉ፤ ክርክሩ ራሱ ይመጣል።

ጠያቂው፦ ሁለተኛ አስተዳዳሪ የት ነው የሚጨመረው?

መልስ 1፦ ሴቲንግ ውስጥ፣ የፔጅ አክሰስ የሚለው ጋ።