«ይጠብቅ» ወይስ «ቀጠሮ ይስጥ»?

የጣና ዳሩ፦
ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ባሕር ዳር ለጀማሪዎች ኮድ በአማርኛ አስተምራለሁ። አንዱ ተማሪ የዘጌ ጀልባ መመዝገቢያ ገጽ እየሠራ ነው። «ተመዝግበዋል» የሚለው ጽሑፍ 3 ሰከንድ ታይቶ እንዲጠፋ ፈለገ። «ኮዱ 3 ሰከንድ ይጠብቅ» ብሎ፣ ሰዓት እያየ የሚዞር ዋይል ሉፕ (ያንኑ ኮድ ደጋግሞ የሚያስኬድ ትእዛዝ) ጻፈ። ገጹ ድርቅ አለ። በተኑ አይሠራ፣ ስክሮል አይል። ጽሑፉ ራሱ ጭራሽ አልታየም! ለዚህ ነገር ከ«ይጠብቅ» የተሻለ ቃል አላችሁ?

ጋሼ ቀለም፦
ልጁማ ቃሉን ነው የተከተለ። በእኛ አፍ መጠበቅ ዘብ መቆምም ነው። በር የሚጠብቅ ሰው ከበሩ ንቅንቅ አይልም። «ይዘግይ» ደግሞ ወቀሳ ወቀሳ ይላል። «ቀጠሮ ይስጥ» በሉት። ቀጠሮ የሰጠ ሰው እስከዚያ ሥራውን ይሠራል።

ኮደሯ፦
ጋሼ፣ ቀጠሮ በትክክል ይገጥማል። በገጹ ላይ ኮዱም፣ ክሊኩም፣ ስክሪን ማደሱም በአንድ ትሬድ (ሥራዎች በሚያልፉበት አንድ መንገድ) ተራ በተራ ነው የሚሄዱት። ሉፑ ትሬዱን ከያዘው ሌላው በሙሉ ይቆማል። ጽሑፉም ያልታየው ለዚያ ነው፤ ስክሪኑ ሳይታደስ ተጻፈ፣ ተሰረዘ። ቀጠሮ የሚሰጠው የጃቫስክሪፕት (የገጹ ኮድ ቋንቋ) ትእዛዝ፣ ሴትታይምአውት፣ ግን 3000 ሚሊሰከንድ (3 ሰከንድ) ሲሰጡት ቆጠራውን ለብሮውዘሩ ትቶ ወዲያው ይመለሳል። ሰዓቱ ሲደርስ ሥራው ወረፋ ይይዛል። ከሥሩ የተጻፈው መስመር ግን 3 ሰከንዱን አይጠብቅም፣ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይሸወዳል። ሐሳብ ከቀየሩ ደግሞ ክሊርታይምአውት አለ፦ ቀጠሮ መሰረዝ።

ታዲያ የሀበሻ ቀጠሮ ነው 😄 ወረፋው ከተጨናነቀ ያረፍዳል። ታቡ ከጀርባ ከተደበቀም ብሮውዘሮች አጫጭሩን ቀጠሮ ወደ 1 ሰከንድ ገደማ ይገፉታል።

የጣና ዳሩ፦
በ2017 ጃቫስክሪፕት ውስጥ የገባው፣ ውጤት እስኪመጣ የሚያስቆየው አዌይትስ? እሱ እኮ ቃል በቃል «ጠብቅ» ነው።

ጋሼ ቀለም፦
የሚቆመው ማን ነው? ገጹ በሙሉ?

ኮደሯ፦
አይ ጋሼ፣ አዌይት የተጻፈበት ፈንክሽን (የኮድ ክፍል) ብቻ። ገጹ ሥራውን ይቀጥላል።

ጋሼ ቀለም፦
እንዲያ ከሆነ «ቆይቶ ይቀጥል» በሉት። «ጠብቅ»ን ለዋይል ሉፑ ተዉለት።

ኮደሯ፦
ተስማምቻለሁ። ለተማሪው ግን አንድ ነገር ንገርልኝ፦ ሴትታይምአውትን በፕሮሚስ (ውጤቱ በኋላ እንደሚመጣ ቃል በሚገባ ነገር) ሳይጠቀልል ፊቱ ላይ አዌይት ቢጽፍበት 3 ሰከንዱን አይቆይለትም።